ያስተካከልኩት ፊት

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ፣ ሀና ማርያም ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥታ ስልኳ ላይ የሆነ የሠርግ ምስል አሳየችኝ። የቀረፀው ሰው እየተራመደ ስለነበር ምስሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አንድ ምልክት ነካች፤ ቀጥ አለ። ሌላ ነካች፤ የሙሽራዋ ፊት ፈካ። «ጋሼ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትለፋበት የኖርከው ይኼን ነው?» አለችኝ። ልትቀልድብኝ ነው። አዎ፣ ይኼንኑ ነው አልኳትና አብሬያት ሳቅሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ያ ምልክት ከመፈጠሩ በፊት በእጄ የሠራሁት አንድ ፊት አለ። ስለዚያ ፊት ለሚስቴ እንኳ በቅጡ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ሥራ የለኝም፣ የሚያጣድፈኝ አለቃም የለም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፊልም ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ከብት ክትባትና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ለገበሬ የሚታይ ፊልም እንቀጣጥል ነበር። አለቃችን የምንሠራውን ፊልም አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም፤ የፊርማ ሰዓት ያሳለፈ ግን ከእጁ አያመልጥም። መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ተበተነ፤ እኔም የአገልግሎት ምስክር ወረቀቴን ይዤ ወጣሁና ሠርግ ቀረፃ ገባሁ። ሠርግ ቀረፃ ማለት ቅዳሜና እሁድ የሰው ደስታ ተሸክሞ ውሎ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያንኑ ደስታ ማሳጠር ነው። ማሳጠሩ ደግሞ ጠብ አለው። የሙሽራው አጎት ሲጨፍር ከተቆረጠ ቤተሰቡ በሙሉ ይቀየማል። ሁለት ዓመት እንደዚያ ቆየሁና ጎፋ አካባቢ፣ ከአንድ የብየዳ ቤት በላይ የተከፈተ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጠርኩ።

የስቱዲዮው ባለቤት አቶ ዘሪሁን ካሴት ነጋዴ ነበር። ያኔ ዘፈን በጆሮ ብቻ መሸጡ እያበቃ፣ ቴሌቪዥን ላይ ክሊፕ ያልታየለት ድምፃዊ የተረሳ የሚመስልበት ዘመን እየመጣ ስለነበር፣ እሱ ቶሎ ነቅቶ ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ አንድ መቅጃ፣ አንድ ሚክሰርና ሁለት ሞኒተር ገዛ። ደሞዙ ከመንግሥቱ ይሻላል፣ ግን በሰዓቱ አይመጣም። ከታች ብየዳው በተጫረ ቁጥር መብራቱ ስለሚዋዥቅ የሞኒተሩ ቀለም ይዘላል። የምስሉን ቀለም የምናስተካክለው በያጆቹ ምሳ ሲበሉ ወይም ብረት ሲቆርጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀለም ያስተማረኝ ጋሽ ደርበው ነው። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ወጣት እያለ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ሲቀባ ኖሯል፤ የከንፈር፣ የጉንጭ፣ የጥለት። ቪዲዮ ሲመጣ ብሩሹን ጥሎ የሚክሰሩን ቁልፎች ያዘ፤ ዓይኑ ግን የፎቶ ቤቱ ዓይን እንደሆነ ቀረ።

ልማዶቹ ብዙ ነበሩ፤ መጀመሪያ ሰሞን ያስቁኝ ነበር። የስቱዲዮውን ግድግዳ በገዛ እጁ አመድማ ቀለም ቀብቶታል። አንድ ቀን ቀይ ሹራብ ለብሼ ብመጣ፣ ቀይህ የሞኒተሩ መስታወት ላይ ያርፋል ብሎ ልብስ እንድቀይር ቤቴ መለሰኝ። በክብሪት ቤት ውስጥ ጥቂት ባዘቶ ጥጥ ይይዛል፤ ሥራ ሲጀምር አውጥቶ ሞኒተሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ነጭ ማለት ይኼ ነው ለማለት ነው። ከዚያ የሞኒተሩን ቀለም እስከ መጨረሻው ያጠፋዋል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ጥላውና ብርሃኑ ካልተስማሙ ቀለም አይነካም። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ተነሥቶ በመስኮት ወደ ፉሪ ተራራ ያያል፤ ዓይን ለማሳረፍ ነው። እኔንም በግድ ያስነሣኛል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ልማዱ ግን ይኼ ነበር፤ የማያውቀውን ሰው ፊት አይሠራም። ድምፃዊው ስቱዲዮ መጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ወንበር ላይ ካልተቀመጠለት ቁልፍ አይነካም። ካልመጣ ራሱ ይሄዳል። ሰላም ብሎ፣ ሁለት ቃል ተለዋውጦ፣ ፊቱን አይቶ ይመለስና በካሴቱ ማህደር ላይ በእርሳስ «የቀይ ዳማ» ወይም «ጠይም፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ» ብሎ ይጽፋል። አቶ ዘሪሁን በዚህ ነገር ደሙ ይፈላ ነበር። ለአንድ ክሊፕ ግማሽ ቀን በእግር ጉዞ ይሄዳላ። ጋሽ ደርበው ግን አይሰማውም። «ካሜራ ጠይምና የቀይ ዳማን አይለይም» አለኝ አንድ ቀን። «ሰውየው ምን እንደሚመስል አንተ ካላወቅህ ማንም አያውቅለትም።»

የሚንቀጠቀጥ ምስል ማርጋትም የተማርኩት ከእሱ ነው። ዘዴው የድሃ ዘዴ ነበር። ምስሉ በሚክሰሩ በጥቂቱ ይጎላል፤ በዳር በኩል የምታንቀሳቅስበት ትርፍ ታገኛለህ ማለት ነው። ከዚያ ከምስሉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ትመርጣለህ፤ የቤት ጥግ፣ የተራራ ጫፍ። በሴቶች የዓይን ኩል የሞኒተሩ መስታወት ላይ ነጥብ ታደርግና ካሴቱ ሲሄድ የተራራው ጫፍ ከነጥቧ እንዳይወጣ በሚክሰሩ ላይ ባለችው እጀታ፣ በጆይስቲክ፣ ትከተለዋለህ። ካሜራው ወደ ግራ ሲሄድ አንተ ወደ ቀኝ። አምስት ሰከንድ ለማርጋት ሃያ ጊዜ መሞከር ነበረብኝ። እጄ እንደ ጀማሪ ሾፌር ይቸኩል ነበር። ሲሳካ ግን ደስ ይላል፤ በመኪና ላይ የተቀረፀው መሬት ላይ ቆመህ ያየኸው ይመስላል። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ጋሽ ደርበውን በልጬው ነበር፤ እሱም አልካደም።

የመስቀል በዓል እየቀረበ ሳለ አቶ ዘሪሁን የአስካለን ክሊፕ ይዞ መጣ። አስካለ ከወልዲያ የመጣች፣ ሆቴል ውስጥ የምትዘፍን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ካሴቷ ጥሩ ተሽጦላት ነበር። ክሊፑ የተቀረፀው ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ ሲኬድ ባለው ማሳ ላይ ነው። ያኔ በዚያ በኩል ከቤተ ክርስቲያኑና ከጥቂት የገበሬ ቤቶች በስተቀር ሁሉም እርሻ ነበር፤ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ብለን ታክሲ የምንጋፋበት ሳይቀር ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። አደይ አበባው ድንበሩን ሁሉ ሞልቶታል። ካሜራማኑ ካሴቶቹን ሲያስረክበኝ፣ የማሳው ባለቤት ሚስት ለልጅቷ በርጩማ አውጥታ፣ አረፍ በይ ብላ ወተት እንዳጠጣቻት እንደ ቀልድ አወራኝ። ድምፃዊ ስትሆን ሰው ይንከባከብሃል ብሎ ቀና። እኔም አብሬው ቀናሁ።

ጋሽ ደርበው በዚያ ሰሞን አልነበረም። ወንድሙ ሞቶበት ቡታጅራ ለቅሶ ሄዷል። አቶ ዘሪሁን ሐሙስ ክሊፑ ለቴሌቪዥን መሰጠት አለበት አለኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር። ከጋሽ ደርበው ተለይቼ፣ ብቻዬን፣ ሙሉ ክሊፕ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አቶ ዘሪሁን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ አስካለ አደራ ብላለች አለኝ፤ እናቷ አገር ቤት ሆና በቴሌቪዥን ስለምታያት እንዲያሳምሯት። ሴት ልጅና መልኳ ብዬ ፈገግ አልኩ።

ካሴቱን ከፈትኩ። ጥሩ ተቀርጿል። እሷ ግን ቢጫ ናት።

እንደ ደንቡ ቀለሙን አጥፍቼ ጥላና ብርሃኑን አስተካከልኩ፤ መልሼ ከፈትኩት። ፊቷ ቢጫ ነው። ቀርቦ በተቀረፀው ላይ የዓይኗ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ነው። የአበባው ነጸብራቅ ነው አልኩ። የማታ ፀሐይ ነው አልኩ። ካሜራማኑ ነጩን ሳያስተካክል ቀርፆ ነው አልኩ። ባዘቶው በጋሽ ደርበው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አስቀመጥኩት። የለበሰችው ነጠላ ከባዘቶው ጋር አንድ ነው። ነጭ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ። ከፊቷ በስተቀር ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ነጠላው ነጭ ከሆነ ካሜራው አልተሳሳተም፤ ካሜራው ካልተሳሳተ ቢጫው የልጅቷ ነው። ይኼን ለማወቅ ጋሽ ደርበው አያስፈልገኝም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት እሱኑ ነው። ቤቷ መካኒሳ ነው፣ ከጎፋ በእግር ሩቅ አይደለም። እኔ ግን የሐሙሱን ቀጠሮ አሰብኩ፤ ቁልፉን ይዤ ቢጫውን ቀስ እያልኩ አወጣሁት፤ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ትንሽ ቀይ መለስኩ። ፊቷ ጠይም ሆነ። ደስ የሚል፣ ጤነኛ ጠይም። አበባው በመጠኑ ገረጣ፣ ነጠላው ወደ ሰማያዊ ሄደ። ነጠላ ማን ያያል ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ የሚንቀጠቀጡትን ወሰድኩ። በመኪና ላይ ሆነው የቀረፁትን በፉሪ ተራራ ጫፍ አረጋሁት። አንድ ቦታ ግን አስቸገረኝ። አስካለ አንድ ዘለላ አበባ በእጇ ይዛ ወደ ካሜራው ትዘረጋለች፤ እጇና አበባው ይርገበገባል። ጣቷ ላይ ያለችውን ቀለበት መርጬ መስታወቱ ላይ በኩሉ ነጥብ አደረግሁና ተከተልኳት። ቀለበቷ ስትረጋ ከኋላዋ ያለው ተራራ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተራራው ተንቀጠቀጠ። ካሜራው ማቆሚያ ላይ ነበር ማለት ነው። የሚንቀጠቀጠው እጇ ነው። ፈርታ ይሆናል አልኩና ካሴቱን በዝግታ አስኬድኩት። በዝግታ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ነፋስ የነካው መሰለ፤ እንዲያውም አማረ። አቶ ዘሪሁን ሲያየው እሱን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ከእንግዲህ ሽማግሌውን አንጠብቅም አለ። ያ ቃል ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ክሊፑ በበዓሉ ዕለት ታየ። ሰፈር ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ጋሽ ደርበው ከለቅሶ ተመልሶ ፂሙን ሳይላጭ ሥራ የገባ ዕለት፣ ወንድምህን ነፍስ ይማር አልኩት፤ አሜን ብሎ ተቀመጠ። ክሊፑን ቡታጅራ ሆኖ አይቶታል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነጠላው ሰማያዊ ነው» አለኝ።

የባዘቶውን ክብሪት ቤት ወደ መሳቢያው መለስኩ።

«ዋናው ካሴት ላይስ?» አለኝ።

ነጭ ነው አልኩት። ልጅቷን አይተሃታል ወይ አለኝ። አላየኋትም። ዋናውን ካሴት አስከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ አጠፋው። «ዛሬውኑ ሂድና እያት» አለኝ። እሺ አልኩ። ዕለቱን ሌላ ሥራ መጣ። በማግስቱም መጣ። እሱ በሳምንቱ ሄድክ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሄጄ አጣኋት ብዬ ዋሸሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ካሴት ደምስሻለሁ፣ የሰው ሠርግ ድምፅ አልባ አድርጌያለሁ። ከእነዚያ ሁሉ የምትከብደኝ ይቺ ውሸት ናት፤ ምክንያቱም አስካለ ያኔ በሕይወት ነበረች።

ኅዳር ላይ ሞተች። ጉበቷ ነበር። ሐኪሞቹ ከብዙ ጊዜ በፊት ያለቀ ነገር ነው እንዳሉ ሰማሁ፤ ማንም ምንም ሊያደርግላት አይችልም ነበር ማለት ነው። ሰዎች ይኼን ሲነግሩኝ የሚያጽናኑኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስለ መዳኗ አይደለም የማስበው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እናቷ ስቱዲዮ መጡ። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ያንን ጠባብ የብረት ደረጃ ብቻቸውን ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ደርበው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። እግዜር ያጥናዎ አልናቸው። የልጄን ፊት ያሳመረው የትኛችሁ ነው አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መረቁኝ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ።

ልጃቸው ታማለች የሚል ወሬ በክረምቱ ደርሷቸው ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች ግን ደብዳቤ በላኩ ቁጥር ደህና ናት፣ ጉንፋን ነው ይላሉ።

«ሰው እንደሚደብቅ አውቃለሁ» አሉ። «እኔስ የስንቱን ደብቄ የለ? ደህና ናት ሲሉኝ ነው የባሰ የፈራሁት። ሰው ያለኝን አላምንም፣ በዓይኔ ሳላያት አልቀመጥም ብዬ ለመስቀል ማግስት የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥኩ። በበዓሉ ዕለት ልጅሽ በቴሌቪዥን እየታየች ነው ብለው ቀበሌ ክበብ ወሰዱኝ። ባለ ቀለሙ ነው። ክስት ብላለች፤ እሱንስ የከተማ ኑሮ ነው አልኩ። ፊቷ ግን ጥርት ያለ ነው። ቲኬቱን መለስኩት።»

ጎንበስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፣ ልጄ። ያን ቀን ደህና ነበረች ወይ?»

ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገባኝ። ደህና ነበረች ካልኳቸው በሽታው ድንገት ከዚያ በኋላ የመጣ ይሆናል፤ ቲኬቱን መመለሳቸውም ጥፋት አይሆንም። አገር ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው፤ ቃሉም ምላሴ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አስካለም ራሷ አደራ ስትለኝ የፈለገችው እሱኑ ነበር። ጋሽ ደርበውን አየሁት። ወደ እኔ አላየም፤ በዚህ ነገር ሊረዳኝ አልፈለገም።

«ደህና አልነበረችም» አልኳቸው። «ቢጫ ነበረች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አልገባቸውም። እንዴት ነው የሚጠፋው አሉ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። አሳየኝ አሉ። ዋናውን ካሴት አምጥቼ ከፈትኩ፤ ምንም ሳልነካ።

ልጃቸው ማሳው ውስጥ ቆማ ወጣች፤ ቢጫ ፊቷ፣ ቢጫ ዓይኗ። ወይዘሮ ዘነበች ወንበሩን ወደ ሞኒተሩ ሳቡ። «የወፍ በሽታ» አሉ ወዲያው። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። አበባውን የያዘው እጅ ሲመጣ፣ በዝግታ ሳይሆን እንዳለ ሲርገበገብ ሲያዩት፣ የገዛ እጃቸውን አንሥተው መስታወቱ ላይ፣ እጇ ላይ አደረጉት። ካሴቱ ቢያልፍም አላነሡትም።

«ይችን አሳይታችሁኝ ቢሆን በእግሬም እመጣ ነበር» አሉ።

አስካለ የላከችውን አደራ ነገርኳቸው፤ እናቴ ታየኛለችና አሳምሩኝ ማለቷን። እንዲያጽናናቸው ይሁን እኔን እንዲያቀልልኝ፣ ለምን እንደተናገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ጋሽ ደርበው ውሃ አመጣላቸው፤ አልጠጡም። ሲረጋጉ ካሴት እንድቀዳላቸው ጠየቁኝ። ቴሌቪዥን ላይ የታየውን ይሆናል ብዬ ያሸበረቀውን ካሴት አነሣሁ።

«እሱን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ይችን ቅዳልኝ። ሳላስታምማት የቀረሁት ይችን ነው።»